ላንድማርክ ላይ የተዘረጋው ድንኳን

ጋሽ ውብሸት ሞቱ ሲሉኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ትከሻዬን መዳበስ ነው። ለቅሶው በኋላ ነው የመጣው። እኚህ ሰው ባገኙኝ ቁጥር ትከሻዬ ላይ አንዲት ክር ወይም ብናኝ አያጡም ነበር። ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ ተክለው እያነጋገሩኝ፣ በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ያነሷትና እፍ ይሏታል። ስቆጣም፣ ሳለቅስም፣ ሠርግ ቤት ስጨፍርም ያው ነው። አንዳንዴማ ምንም ሳይኖር የሚያነሱ ይመስለኝ ነበር። ትከሻሽን እየጠረገልሽ ያለ ሰው ላይ ደግሞ መቆጣት አይቻልም፤ እኔ ስንት ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ላውንደሪ ነበራቸው። አመሉም የመጣው ከዚያው ነው። ጠባብ፣ በእንፋሎት የታፈነ፣ በራፉ ላይ ሁልጊዜ ሰው የማይጠፋበት ቤት። ሙሽራው ሱፉን፣ ኢንተርቪው ያለበት ሸሚዙን የሚያስተኩሰው እሳቸው ጋ ነው። ጥቁር ልብስ ይዞ የመጣ ሰው ከገባ ግን አበቃ። «ማን ነው? ምንህ ነው? ታሞ ነበር?» ሳይሉ አይለቁትም። ከኋላ ወረፋ የያዘው ሰው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ይቁነጠነጣል፣ እሳቸው ወንበር ስበው ሐዘንተኛውን ያስቀምጡታል።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ኑሮዬ በሰዓት ነው። ጓደኞቼ «ማንቂያ ደወል» ነው የሚሉኝ። አንድ ቀን እዚያ ወረፋ ላይ አላስችል ብሎኝ፣ «ጋሼ፣ ሰው እኮ ቆሟል! እኔም ሥራ ልገባ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። ሐዘንተኛውን ካስቀመጡ በኋላ መጥተው ትከሻዬን ጠረጉና፣ «ሂሩትዬ፣ ሰው አልፈሽ የት ልትደርሺ ነው?» አሉኝ። ሸሚዜን ይዤ ቆምኩ። ይህችን አባባል ያልሰማ የሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ የለም። መንገዱ ቤልትዌይ ላይ ተጨናንቆም ይሏታል፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው ሰላም ሲሉ ቅዳሴ አምልጧቸውም ይሏታል።

ስለ እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ተናገሪ ብባል የምናገረው የአርቪውን ቀን ነው። አርቪ የምንለው ያንን አልጋውንም፣ ምድጃውንም፣ መታጠቢያ ቤቱንም ይዞ የሚዞረውን ትልቅ መኪና ነው።

ሐሳቡ የገዛኸኝ ነበር። ገዛኸኝ ቨርጂኒያ፣ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር፣ ከሚስቱ ከአልማዝ ጋር ይኖር የነበረ ጓደኛችን ነው። ልጅ አልወለዱም፤ የሁላችንም ልጆች ግን የእነሱ ነበሩ። በየክርስትናው፣ በየልደቱ፣ ሁለት ቢራ ሲቀምስ፣ «አንድ ቀን አርቪ ተከራይተን፣ እንደ ሠርግ አጀብ ተከታትለን፣ ሸናንዶዋ ተራራ ላይ እናድራለን» ይላል። እኛም «ዛሬም ጀመረው!» ብለን እንስቃለን። ከዚያ አንድ ጠዋት ሥራ ሊሄድ መኪናውን ከበረዶ ሲያወጣ ወደቀ፣ በዚያው ቀረ።

ቀበርነው። አፓርታማቸው ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሳሎኑ ስለማይበቃን ተራ በተራ እየገባን፣ ጎረቤት እንዳይከሰን ድምፃችንን ቀንሰን። አልማዝ እንግዳ ስታስተናግድ ዋለች፤ ዓይኗ እርጥብ ሲል «በርቺ፣ በርቺ» እያልን አፏን አስያዝናት። በአራተኛው ቀን ሁላችንም ወደየሥራችን ገባን። ምን እናድርግ? የዚህ አገር ሐዘን ከዕረፍት ቀን ላይ ተቆርጦ የሚሰጥ ነው።

አልማዝም በሯን ዘጋች። ሥራዋን ተወች። ስንደውል «ተኝቼ ነበር» ትላለች፤ ስንሄድ ሳትከፍት ከበሩ ጀርባ «ደህና ነኝ፣ ሂዱ» ትላለች። አስቤዛ እንኳ በዴሊቨሪ ነው የሚመጣላት። ያቺ ተጫዋች ሴት ከዚያ ክፍል ሳትወጣ እንዳትቀር ሁላችንም ፈርተን ነበር፤ ግን ፈራን እንጂ ምንም አላደረግንም።

በጋው ሲጋመስ ጋሽ ውብሸት፣ «የገዛኸኝን የአርቪ ጉዞ እንሂድ» አሉ። ማሰናዳቱ በእኔ ላይ ወደቀ፤ በማን ላይ ይወድቃል! ሦስት አርቪ አስያዝኩ፤ አንዱ የጋሽ ውብሸትና የባለቤታቸው የእትዬ ሙሉ፣ አንዱ የእኔ፣ የባሌ የደረጀና የልጃችን የሊያ፣ አንዱ የጓደኛችን የሳሙኤልና የሚስቱ። ተራራው ላይ የምናድርበትን ካምፕ ግራውንድም ያዝኩ። አልማዝ ጋ ደወልኩ።

«ሂዱ። ለእኔ አታስቡ» አለችኝ። «እኔ ከእንግዲህ የት እሄዳለሁ?»

አንጀቴን በላችኝ። ግን እሺ አልኩ። ለጋሽ ውብሸት ስነግራቸው ትከሻዬ ላይ ክር ፈለጉ።

የሌበር ዴይ በዓል ሰሞን ዓርብ ጠዋት ከላውንደሪው ጀርባ ተሰባሰብን። በማለዳ ለመውጣት ነበር ፕላኔ፤ የረሳሁት የሚሸኘንን ሰው ነው። ሱፍ ሊወስድ የመጣው ሁሉ «የት ልትሄዱ ነው?» ይልና ሊመርቀን ይቆማል። አንዷ መንገድ ላይ እንዳይርባችሁ ብላ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች፤ ሌላው አርቪው ውስጥ ካልገባሁ ብሎ ሽንት ቤቱን ሳይቀር ጎበኘ። ጋሽ ውብሸት እያንዳንዱን ሲሰናበቱ፣ እኔ ሰዓቴን እያየሁ ስንጨረጨር፣ እኩለ ቀን ሆነ። በዚያ ላይ እትዬ ሙሉ ፍሪጁን ከፍተው አዩና፣ «ሂሩትዬ፣ ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?» አሉ።

ክው አልኩ። ዶሮ፣ ጥብስ፣ የተቀቀለ እንቁላል። ሦስት ፍሪጅ ሙሉ! የሁሉንም ደቂቃ የጻፍኩት ሴትዮ ጾሙን ረስቼዋለሁ።

«ምንም አይደል» አሉ ጋሽ ውብሸት፤ «ነገ ይደርሳል። ዛሬ ድፎ አለ።»

ተነሣን። እሳቸው ፊት፣ እኛ መሐል፣ ሳሙኤል ኋላ። ደረጀ ዎኪ ቶኪ ገዝቶልን ነበርና እትዬ ሙሉ ፊት ላይ ሆነው፣ «ትሰሙኛላችሁ? ዛፍ አለ፣ ቆንጆ ዛፍ» እያሉ ያወሩናል። የወንዙን ድልድይ ተሻግረን ቨርጂኒያ ገባን። ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ፣ ሲክስቲ ሲክስ፣ ሲቃረብ ዎኪ ቶኪውን አነሣሁ።

«እትዬ ሙሉ፣ ለጋሼ ይንገሯቸው፤ መውጫችን መጣ፣ ቀኙን ይያዙ።»

«እሺ የኔ ልጅ።»

መውጫው መጣ። ፊታችን ያለው አርቪ ፍሬቻ እንኳ ሳያሳይ ቀጥ ብሎ አለፈ።

«አለፉት! እትዬ ሙሉ፣ አለፉት እኮ!»

«ውብሸት ተከተሉኝ ብሏል» የሚል ድምፅ መጣ።

«ልከተል ወይስ ልውጣ?» አለ ደረጀ።

«ተከተል እንጂ! ምን ትጠይቀኛለህ!»

ሊያ ከኋላ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ማዳመጫ ነቅላ፣ «ማም፣ ኢዝ ሂ ሎስት?» አለች።

«ኖ» አላት አባቷ፤ «ሂ ኢዝ ጋሽ ውብሸት።»

ስፕሪንግፊልድ ላይ ዞረው ወደ ላንድማርክ ሲወጡ ገባኝ። ሦስቱም አርቪዎች እየተንጎማለሉ አልማዝ ሕንፃ ሥር፣ እንግዶች መኪና የሚያቆሙበት ቦታ ላይ ገቡና የነበረውን ቦታ ሞሉት። ጋሽ ውብሸት ወርደው፣ ሱሪያቸውን አራግፈው፣ በሩ ላይ ያለውን ደወል ተጫኑ።

«ማነው?» አለ የአልማዝ ድምፅ።

«ውብሸት ነኝ፣ የኔ ልጅ። ሁላችንም ታች ነን። ልንወስድሽ ነው የመጣነው።»

«ጋሼ፣ አልወርድም። ስለ ገብርኤል ብለው አይለምኑኝ።»

«አልለምንሽም። እኛ ታች ነን» አሉና ተመለሱ።

በቃ፣ አሁን እንሄዳለን ብዬ መኪና ውስጥ ልገባ ስል ጋሽ ውብሸት ከአርቪያቸው ጎን የተጠቀለለውን ሸራ መዘርጋት ጀመሩ። ከዚያ ወንበሮቹን አውጥተው በረድፍ ደረደሩ። ቀጥሎ ውኃ።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«እየተቀመጥን ነዋ።»

«ቦታችንን ለሌላ ሰው ይሰጡብናል! አልወርድም ብላለች፤ ሰው በግድ ለሽርሽር አይወሰድም!»

ወንበር እየዘረጉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ሂሩትዬ፣ አገር ቤት ሰው ሲሞትበት ደጁ ላይ ምን ይተከላል?» አሉኝ።

«ድንኳን።»

«ለአልማዝ ተክለንላታል?»

«እዚህ አገር ማን ድንኳን ያስተክላል፣ ጋሼ?»

«ተከራይተሽልን የለም እንዴ? ያውም ጎማ ያለው።» መጥተው ትከሻዬን ጠረጉ። «ሦስት ቀን ቁጭ ብለን ጥለናት ሄድን። አሁን ደግሞ በበሯ አልፈን ተራራ ልንወጣ ነው። ሰው አልፈሽ የት ልትደርሺ ነው?»

ልክ እንደሆኑ ገብቶኛል። የገባኝ ስለሆነም ይመስለኛል ይበልጥ የተናደድኩት። ስለ ፕላኑ፣ ስለ ሸኚው፣ ስለ ዶሮው፣ ስለ አስራ አንድ ሰዓቱ የካምፑ ቼክ ኢን፣ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ዘረገፍኩት። እኔ ስቆጣ አገር ይሰማል። ስጨርስ ሁሉም ወንበሩ ላይ አቀርቅሮ መሬት መሬት ያያል፤ እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። እኔም ደከመኝና ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ይኸው ነው እንግዲህ ነገሩን ያመጣው። ያ ሕንፃ ሐበሻ ሞልቶታል። የእኛ ሰው ደግሞ ሸራ ተዘርግቶ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ሰው አቀርቅሮ ካየ ሌላ ነገር አይጠረጥርም።

መጀመሪያ የመጣው ግን የሕንፃው ሴኪዩሪቲ ነው። እዚህ መቀመጥ አይቻልም፣ መኪናው ተጎትቶ ቶው ይደረጋል፣ ምን እየተካሄደ ነው ይላል። ጋሽ ውብሸት ተነሥተው በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ሐዘን ላይ ነን፣ ወንድማችን ሞቶ ነው አሉት። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ማንም አይነካችሁም ብሎ፣ የጋሽ ውብሸትን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ሄደ።

«ውሸታም!» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ገዛኸኝ ሞቶ የለም እንዴ?» አሉኝ።

ወዲያው አንዲት አሮጊት ከሕንፃው ወጡ። እማማ ጽጌ ይባላሉ፤ ስማቸውን ያወቅነው በኋላ ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሳይደርሱን ገና ከሩቅ ማልቀስ ጀመሩ፣ እንደ ደንቡ። መጥተው እትዬ ሙሉ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። እትዬ ሙሉ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ አይችሉም፤ ማን ሞተ እንኳ ሳይሉ አብረው ቀጠሉ። ደረጀ፣ «እማማ፣ ይቅርታ፣ እኛ እኮ...» ሊል ሲል ጋሽ ውብሸት ራሳቸውን ነቀነቁበት። ከዚያ ሁለት ወንዶች መጥተው እጅ ነስተው ተቀመጡ። አንዲት ወጣት ፍላስክና ብርጭቆ፣ አንዷ የቤቷን ወንበሮች፣ አንድ የአስመራ ሰው አንድ ካርቶን ውኃ። «እግዜር ያጥናችሁ» ይሉናል። እኛ «አሜን» ከማለት ሌላ ምን እንበል? ያላወቅነው ሰው ሁሉ ከበበን፤ እኔ በሳቅና በእንባ መሐል ከንፈሬን ነክሼ ተቀምጫለሁ።

ቀና ስል ላይ፣ የአልማዝ መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። በረንዳው ላይ ወጣች። ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው። ቁልቁል አየችን፣ አየችን፣ ተመልሳ ገባች። ተቀየመች፣ በቃ ጨረስናት ብዬ አዘንኩ።

የሕንፃው በር ተከፈተና አልማዝ ወጣች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በቤት ነጠላ ጫማ። ለሽርሽር ብንለምናት አልወጣችም፤ ደጇ ላይ ለቅሶ ካለ ግን እንዴት አትወርድም? የምትሄደው እያንዳንዳችንን በዓይኗ እየፈለገች ነው፤ ማን እንደጎደለ እያየች። ደረጀ አለ። እትዬ ሙሉ አሉ። ሳሙኤል አለ። መሐላችን ስትደርስ፣ «ማነው? ንገሩኝ እንጂ! ማን ነው የሞተው?» አለች።

ጋሽ ውብሸት ከወንበራቸው ተነሡ።

«ገዛኸኝ ነው፣ አልማዝዬ» አሉ። «ገዛኸኝ ሞቶብን ነው። እኛ ገና አሁን መድረሳችን ነው፤ ይቅር በይን።»

ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ጋሽ ውብሸት ደረት ላይ ወደቀች። «ገዜ!» ብላ ጮኸች። ማንም «በርቺ» አላላትም። አለቀሰች፤ ስሙን እየጠራች፣ ጠባዩን እየቆጠረች፣ ቡናውን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ ሳይቀር እየተናገረች አለቀሰች። እኛም አለቀስን፣ ገዛኸኝን በዓይኑ አይቶት የማያውቀውም ሁሉ አለቀሰላት። እማማ ጽጌ ፊቷን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «አንቺ ልጅ፣ ከእኔ በላይ ሁለት ፎቅ ላይ ሆነሽ ነው ብቻሽን የምታለቅሺው? እኛ ሰው አይደለንም?» አሉ፤ እንደ መቆጣት አድርጓቸው።

ፀሐዩ ሲበርድ ንፍሮ መጣ፣ ሽሮ መጣ፣ እንጀራ በትሪ መጣ። ፍሪጃችን በዶሮ ተሞልቶ የጎረቤት ሽሮ እንደ ጉድ በላን። አልማዝ የዶሮውን ወሬ ስትሰማ፣ «ሂሩት? ሂሩት ዓርብን ረሳች?» ብላ ሳቀች። አፍንጫዋ ቀልቶ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ሳቀች። ሲሳቅብኝ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ተነሥታ አርቪዎቹን ዞራ አየች። «ገዜ የት ነበር ሊቀመጥ የሚያስበው?» አለች።

«ሾፌሩ ቦታ ነዋ፣ ሌላ የት!» አሉና ጋሽ ውብሸት በሩን ከፈቱላት። ወጥታ መሪውን ይዛ ተቀመጠች።

ጉዟችን በመጀመሪያው ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግ ላንድማርክ ደረሰ። በሌላ ጊዜ ለእራት የምንሄድበት መንገድ ነው። አልማዝ የዚያን ምሽት እነ ጋሽ ውብሸት አርቪ ውስጥ አደረች። ጠዋት ሞተር ሲነሣ፣ «ቆይ፣ ወጥቼ ጫማ ላድርግ» አለች። ከወጣች እንዳትቀር ፈርቼ፣ «ጫማ እዚያም አለ፣ ሰዓት ሄዷል!» ብዬ በሩን ዘጋሁባት። ጋሽ ውብሸት ያን ጊዜ ብቻ ነው ችኮላዬን ያመሰገኑት። ሸናንዶዋን በካልሲና በነጠላ ጫማ ወጣችው። ከዚያ በኋላ ሥራ ገባች፤ እማማ ጽጌም ቅዳሜ ቅዳሜ ሳያዩዋት አይውሉም ነበር።

ነገሩን አስበውበት ይሆን? ሰው እንደሚሳሳት፣ አልማዝም ለቅሶ ስታይ እንደምትወርድ ያውቁ ነበር? ስንት ጊዜ ጠየቅኋቸው። «እኔ ወንበር ነው የዘረጋሁት» ይሉና ትከሻዬን ይጠርጋሉ።

አሁን እሳቸው ሞቱ። ቀበርናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ሦስት ቀን ሰው እንደ ጎርፍ ሲገባ ሲወጣ ዋለ፤ ላውንደሪው ወረፋ ላይ የተቆጣ ሰው ሁሉ መጥቶ አለቀሰ። በአራተኛው ቀን እንደተለመደው ሁሉም ወደ ሥራው ገባ። እኔም ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ እትዬ ሙሉን ለደቂቃ ብቻ አይቼ ልሂድ ብዬ ጎራ አልኩ። ሰፈሩ ጭር ብሏል። መኪና የለም።

በራፉ ላይ አንድ አርቪ ቆሟል። ሸራው ተዘርግቷል፣ ወንበር ተደርድሯል። አልማዝ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች፤ እትዬ ሙሉ አጠገቧ ናቸው፣ እጃቸው እጇ ውስጥ ነው።

«አልማዝ» አልኳት። «ሦስቱ ቀን እኮ ትናንት አለቀ።»

«እኔ ገና መድረሴ ነው» አለች። አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳብ አደረገችልኝ። «ተቀመጪ።»

ስልኬን አውጥቼ ሥራ ቦታ ደወልኩና ዛሬ አልመጣም አልኩ። ተቀመጥኩ።